የችግር ቀን ገንዘባችንን መሬት ውስጥ አትቅበሩብን

 

ባለፈው እትም ከኮሚቴያችን አንዷ እህት «መሬት አይሞትም» ብላ የጻፈችውን አንብባችኋል። ያላነበበችም ተነቦላታል። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ የማኅበራችን ሣጥን ውስጥ የተጠራቀመው 62 ሺህ ሪያል ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ እሱን ለቅድመ ክፍያ አውለን አዲስ አበባ ላይ በመሠራት ላይ ያለ አፓርታማ እንግዛ፤ ሲያልቅ ይከራያል፣ ኪራዩም ለማኅበሩ ይገባል። መስከረም ውስጥ በመጨረሻው ጁምዓ ድምፅ ይሰጥበታል ተብሏል።

እኔ አልስማማም። እህታችንን አከብራታለሁ። አምና ታምሜ ስተኛ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛልኝ የመጣችው እሷ ናት። ግን ስለ ሾርባው ብዬ ዝም አልልም።

መጀመሪያ «ዝም ብሎ ተቀምጧል» የሚለው ቃል ነው ያናደደኝ። እኛ ወሎ ውስጥ ገበሬ እህሉን ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ይከፍተዋል። ሰኔ ላይ ሄዶ «እህልህ ዝም ብሎ ተቀምጧልና ሽጠህ በሬ ግዛበት» የሚለው ሰው ቢኖር ምን ይሉታል? የኛ ሣጥንም እንደዚያው ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ ከሱ የወጣውን አስታውሱ። ከአሠሪዋ ቤት በሌሊት ወጥታ ለመጣችው ልጅ የአንድ ወር ቤት ኪራይ፤ ሹመይሲ ተይዘው ለነበሩት ለሁለቱ ልብስና ስልክ ካርድ፤ ለአንዲት ሟች እህታችን አስከሬን መላኪያ የጎደለው። አስከሬን ደግሞ ቤቱ ተከራይቶ እስኪገባ አይጠብቅም።

ስለራሴ ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ነው በኮንትራት የመጣሁት። መጀመሪያ መካ፣ አዚዚያ ሰፈር ገባሁ። ደመወዜ 1,000 ሪያል ነበር። 200ውን ለራሴ አስቀርቼ 800ውን በየወሩ ለወንድሜ እልካለሁ፤ ኮምቦልቻ ዳር ላይ ቦታ ተገኝቷል ተብዬ። ሦስት ዓመት ላክሁ። በዚያን ጊዜው ምንዛሪ ወደ 300 ሺህ ብር ይሆናል። ፎቶ ይመጣልኛል፤ መጀመሪያ መሠረት፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ፊት የቆመ ወንድሜ። እኔ ማታ ማታ ፎቶውን እያየሁ መስኮት እመርጣለሁ። ወላሂ መጋረጃውን ሁሉ ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬ ነበር።

ቦታው የገበሬ ቦታ ነው፤ ካርታ የለውም። «ይወጣል» ይሉኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ። ሰዎቼ ሸሹ፤ ሲመለሱ ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም የለም። እሱስ የአላህ ነው፤ ሕይወታቸው ተርፏል። ሰው በጦርነት ለጠፋ ቆርቆሮ አያለቅስም።

ያለቀስኩት በ2015 ዓ.ም. ነው። እናቴ ታመመች። ኦፕራሲዮን አለ ተባለ፣ 60 ሺህ ብር በአሥር ቀን ውስጥ። ወንድሜን «ቤቱን ሽጠው፣ ግማሹንም ቢሆን ሽጠው» አልኩት። ቤቱ በሰው አፍ 700 ሺህ ያወጣል። ገዢ መጥቶ አይቶ «ካርታው የታለ?» ይላል፤ ይሄዳል። ሌላው ይመጣል፤ ይሄዳል። ለካስ ቦታው የተጻፈው በወንድሜና በሚስቱ ስም ነው፤ እሷም አልፈርምም አለች። ልጆች አሏት፤ አልፈርድባትም። እንግዲህ 700 ሺህ ብር ያለኝ ሴት ነኝ፣ 60 ሺህ አጣሁ።

ያኔ የደረሰልኝ ይኸው «ዝም ብሎ የተቀመጠ» የተባለው ሣጥን ነው። ጅዳ ከመጣሁና ማኅበሩ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። 4,000 ሪያል ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ አበደራችሁኝ። በዘጠኝ ወር መለስኩ። እናቴ ዛሬ ቡና ታፈላለች፣ አልሐምዱሊላህ። ታዲያ በዚያን ሰሞን ሣጥኑ አፓርታማ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ምን ትሉኝ ነበር? «ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል፣ ታገሺ»?

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ስለ ቤትና ስለ አክሲዮን የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ «ስንት ይጨምራል?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይጨምራል። የኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በፈለግኩበት ቀን፣ በስሜ፣ በስንት ቀን ገንዘብ ይሆናል? ምክንያቱም የምንመለስበትን ቀን እኛ አይደለንም የምንመርጠው። ከፊላችን ይመርጠዋል፣ ሽርጣ ይመርጠዋል፣ በሽታ ይመርጠዋል። አክስቴ ከ2006 ዓ.ም. ተመላሾች አንዷ ናት። በዚያን ዘመን ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው ከሳዑዲ የተመለሱት። ቦታ ገዝታ ነበር፤ በባሏ ወንድም ስም። ቦሌ ስትወርድ በእጇ የነበረው አንድ ፌስታል ነው። ወርቋ እንኳ አሠሪዋ ቤት ቀርቷል።

መጠበቅ የሚችል ሰው ከገበያ ጋር መጫወት ይችላል። ይህን የተማርኩት መካ ነው።

የመካ አሠሪዬ እናት፣ ሐጃ፣ የድሮ ቤታቸው ጀበል ዑመር ላይ ነበር፤ ከሐረም በስተምዕራብ ያለው ኮረብታ ማለት ነው። አካባቢው ፈርሶ ትልልቅ ሆቴሎች ሲታቀዱበት ጊዜ የቦታ ባለቤቶች በመሬታቸው ፋንታ የጀበል ዑመር ልማት ኩባንያ አክሲዮን ተሰጣቸው። ኩባንያው በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አክሲዮን የሸጠው አንዱን በ10 ሪያል ነው፤ ከዚያ ታዳውል ገበያ ገባ። ሐጃ ማንበብ አይችሉም። ከዐስር ሶላት በኋላ ልጃቸውን «ዛሬ ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁታል። ከፍ ካለ ለሁላችንም ሻይ በናዕናዕ ይታዘዛል። ዝቅ ካለ ሩዙ ጨው በዝቶበታል እባላለሁ። በአንድ ሳምንት ሩዙ አራት ጊዜ ጨው በዝቶበት ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ጨው ጨምሬም አላውቅ።

ግን ልብ በሉ፦ ሐጃ በዚያ አክሲዮን ላይ የሚበሉት ዳቦ አልተንጠለጠለም። ቤት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ አገራቸው ነው። አሥር ዓመትም ሃያ ዓመትም ቢሆን ይጠብቃሉ። ስሙም የሳቸው ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የካቲት 2012 ዓ.ም. ዑምራ ቆመ። «የመካ ቤት አይከስርም፣ እስከ ቂያማ ድረስ እንግዳ አለው» ይባል ነበር፤ እኔም አምን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሐጅ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ነው የመጣው። በዚያ ዓመት ግን እዚሁ ሳዑዲ ውስጥ ካለው ሰው ተመርጠው ጥቂቶች ብቻ ናቸው ሐጅ ያደረጉት። አዚዚያ ለሐጃጅ የሚከራየው ፎቅ ሁሉ በሩ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ አየሁ። ለሐረም ርግቦች እህል የሚበትን ሰው ጠፋ። የአሠሪዬ ታላቅ ወንድም ለሐጅ የሚያከራየው ሕንፃ ነበረው፤ ባዶ ዋለ፤ መኪናውን ሸጠ። በኋላ ነገሩ ተስተካከለለት፤ ሰዉ ተመለሰ፣ ኪራዩም ተመለሰ። እሱ መጠበቅ ስለቻለ ነው። እኛ ብንሆን በሁለተኛው ወር ሕንፃውን በርካሽ የምንሸጥ ነበርን፣ እሱ የሚገዛን።

ጅዳ ያለችው የአሁኗ ማዳሜ ደግሞ ስለ አክሲዮን ስም ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል። አባቷ በ2006 እ.ኤ.አ. ሁሉ ሰው ሲገዛ እሱም ቦታ ሸጦ፣ ተበድሮ ገዛ። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን በነጮቹ አቆጣጠር የሳዑዲ ገበያ መለኪያው ከ20,600 በላይ ደርሶ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ከ8,000 በታች። ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው፣ በአሥር ወር። ይህ ነዳጅ ያለው አገር ላይ ነው የሆነው፣ እህቶቼ። ብዙ አስተማሪና ወታደር ተበድሮ የገባበት ነው። ያ ገበያ እስከ ዛሬ ወደዚያ ቁጥር አልተመለሰም።

ጅዳ በስተሰሜን፣ ወደ ዑብሑር ሲኬድ የሚታየውን ግንብ አይታችሁት ይሆናል። ከ1,000 ሜትር በላይ ይሆናል ተብሎ በ2013 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በ2018 ቆመ። ሥራው እንደገና የተጀመረው በ2025 ጥር ነው። የልዑል ግንብ ሰባት ዓመት ቆሞ ከዋለ፣ የኛ ሦስተኛ ፎቅ ለምን አይቆምም? ልዑሉ እስኪቀጥል ሌላ ቤት ነበረው።

ስለ ወረቀትም እዚሁ ጅዳ ላይ ያየነውን አንርሳ። ከ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ የደቡብ ጅዳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ጉለይል፣ ፔትሮሚን፣ ነዝላ፣ ስንቶቻችን የምንኖርበት፣ ጁምዓ ቀን የምንገናኝበት ሰፈር ነበር። ሰክ ማለትም የባለቤትነት ሰነድ የነበረው ባለቤት ለመሬቱም ለቤቱም ካሳ አገኘ። ሰክ ያልነበረው ለግንባታው ብቻ። ተከራይ ለነበርነው ለኛማ ዕቃችንን የምንሸከምበት ጊዜ ነው የተሰጠን። የአገሩ ሰው እንኳ ወረቀት ሳይኖረው መሬቱ አልተቆጠረለትም።

አሁን ወደ ኮሚቴያችን ሐሳብ ልመለስ። ውሉ በማን ስም ነው የሚሆነው? ማኅበራችን አገር ቤት አልተመዘገበም፤ ማኅተም የለው፣ ጽሕፈት ቤት የለው። በአንዷ እህት ስም ነው እንበል። እሷ ብትሞት ወራሾቿ ቤተሰቦቿ ናቸው፣ እኛ አይደለንም። ይህን ስጠይቅ «እንተማመናለን» ተባልኩ። እኔም ወንድሜን አምን ነበር፤ አሁንም አምነዋለሁ፤ ችግሩ እምነት አይደለም።

በዒድ አል-አድሐ ጊዜ ሱፍ ለብሶ ታብሌት ይዞ የመጣውን የሽያጭ ልጅ ታስታውሱታላችሁ። «እህቶቼ፣ ዛሬ ካልገዛችሁ ነገ አታገኙትም» ሲል ነበር። እኔ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት፦ ገንዘባችንን ብንፈልግ በስንት ቀን ትመልሱልናላችሁ? ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ኢንቨስትመንት ነው!» አለኝ። ውሉን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ እኔና አንዲት አሥራ ሁለተኛ የጨረሰች ልጅ ሆነን። ገዢው ካቋረጠ ሃያ አምስት በመቶው ይቆረጣል፤ የቀረው የሚመለሰው ቤቱ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ነው። የዕቃ ዋጋ ከተወደደ ደግሞ ዋጋው ይከለሳል ይላል። እነሱ ከዘገዩ ስንት እንደሚከፍሉን ግን ገጹን ብንገለባብጥ አላገኘንም።

«ሁሉም እንዲያ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። በሰዓቱ ያስረከቡ አሉ፤ ገብተውበት የሚኖሩ እህቶች አውቃለሁ። ግን አክሰስ ሪል እስቴትን አትርሱ። ከ2 ሺህ በላይ ቤት ገዢዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ቤቱን ሳያዩ ስንት ዓመት ተንከራተቱ። ብዙዎቹ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የተማሩ፣ ጠበቃ መቅጠር የሚችሉ። የመንግሥቱ ኮንዶሚኒየምስ? በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው በየወሩ ሲቆጥቡ የነበሩ ሰዎች ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዕጣ ወጣላቸው፤ ከቀናት በኋላ በኮምፒውተሩ መረጃ ላይ ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ደስታዋን ለጎረቤት የነገረች ሴት ምን እንዳለች አላውቅም።

እህታችን ደግሞ «ብር እየረከሰ ነው፣ ገንዘብ ቤት ካልሆነ ይቀልጣል» ብላለች። ለብር ትክክል ናት። አገር ቤት የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ባንክ የሚሰጠው ወለድ 7 በመቶ ነበር። ብር ባንክ ያስቀመጠ ተበልቷል። ግን የኛ ሣጥን እኮ ሪያል ነው! ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሮ ያለ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሪያል 15 ብር ማለት ነው። ዘንድሮ በባንክ ሪያል ከ35 ብር በላይ ነው። 62 ሺህ ሪያል ያኔ 930 ሺህ ብር ነበር፤ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን 170 ሺህ በላይ። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልገነባውም። ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው። እውነት ነው፣ አገር ቤት ሁሉም ነገር ተወዷል፤ እጥፍ ሀብታም ሆነናል እያልኩ አይደለም። አልቀለጠም ነው የምለው።

እኔ ኢንቨስትመንት ጠላት አይደለሁም። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ለእረፍት ስሄድ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ይሸጥ ነበር። አንዱ 300 ብር፤ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33፣ ማለትም 9,900 ብር። በቴሌብር ከፈልኩ፤ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም፣ ወንድም የለ፣ ደላላ የለ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር ለገበያ የቀረበው፤ የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው፤ የገዛነውም ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች። ታዲያ እሱንም ቢሆን አላጋንነውም። አዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክ መጀመሪያ ገብቶበታል። እኔ ግን ይህን እስከጻፍኩበት ነሐሴ ድረስ 33ቱን አክሲዮኔን ወስጄ የምሸጥበት ቦታ አላገኘሁም። ስለዚህ 9,900 ብሩን ከችግር ቀን ገንዘቤ ላይ አልቆጥረውም። የሚጠፋ ቢሆን እንኳ እናቴ ኦፕራሲዮን አይቀርባትም። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያላት ትግዛ፤ አክሲዮንም ቤትም ትግዛ፤ እኔም እጨምራለሁ።

አንዳንዶች ደግሞ እዚሁ ሳዑዲ ቤት ለውጭ ዜጋ ተፈቀደ እያሉ ወሬ ጀምረዋል። ሕጉ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ ጸድቋል፣ ጥር 2018 ዓ.ም. ላይ ሥራ ላይ ውሏል፤ መካና መዲና ላይ ልዩ ገደብ አለው። እኛን አይመለከትም። ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ፓስፖርቱ በራሱ እጅ ነው ያለው።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤት መግዛት የምትፈልጉ እህቶች ለብቻው እቁብ ጀምሩ፤ ስማችሁን በውል ላይ አስጽፉ፤ ውሉን የሚያነብ ሰው ያዙ። እኔ ራሴ ለማንበብ አግዛለሁ። የእቁብ ሰብሳቢዋ ብትያዝ ገንዘቡ የት እንዳለ ሁለት ሌሎች ሰዎች ይወቁ፤ ይህ ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰን አትጠይቁኝ። ሣጥኑ ግን በሪያል ይቆይ፣ በሦስት ሰው ቁልፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣ ሆኖ። ይህ መጽሔትም የሣጥኑ ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ የቤት ሻጭ ማስታወቂያ እንዳያወጣ እጠይቃለሁ። ባለፈው እትም የኋላ ሽፋኑ ላይ የወጣው ማስታወቂያ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጽሑፉና ማስታወቂያው በአንድ እትም መውጣታቸው ደስ አላለኝም። ገንዘብ ተቀብላችኋል አላልኩም። ደስ አላለኝም ነው ያልኩት።

«ቤት ያልሠራች ሴት ስደቷ ከንቱ ነው» የሚለውንም ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ግድግዳ አለኝ፣ ጣሪያ የለኝም፣ ካርታ የለኝም። ከንቱ ነኝ? እናቴን ጠይቋት።

የመስከረሙ ጁምዓ እኔ የእረፍት ቀኔ አይደለም። ማዳሜን አስፈቅጃለሁ፤ ሦስት ቀን የሳሎን ምንጣፍ ላጥብላት ተስማምተን ነው። እጄን አውጥቼ «አይሆንም» ለማለት እመጣለሁ። እናንተም ኑ፣ መምጣት የማትችሉ በድምፅ መልእክት ላኩ።

ያቺ ኩላሊቷን የታመመችው የሐርቡ ልጅ አሠሪዋ ደመወዟን ቢጨርስላትም ትኬት አልቆርጥም ብሏታል። ትኬቷ 1,150 ሪያል ነው። ትናንት ከሣጥኑ ወጥቶ ተከፍሏል። ሐሙስ ትበራለች፣ ኢንሻ አላህ፤ እስከ አየር ማረፊያ የምትሸኛት አንዲት ሴት እንፈልጋለን።